ሲኤንሲ ሺልድ ቪ3፦ ቦርዱ ደህና፣ ጽሑፉ አሳሳች

አርዱዊኖ ኡኖ (አነስተኛ መቆጣጠሪያ ቦርድ) ላይ የሚሰካው ይህ ሺልድ፣ ማለትም የሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ ማሽን) ሞተሮችን የሚያገናኝ ተጨማሪ ቦርድ፣ ከኤ4988 ድራይቨሮች (ሞተሮቹን የሚነዱ ተነቃይ ትናንሽ ቦርዶች) ጋር ሲሆን፣ ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አካባቢ በጠባብ ክፍል እንጨትና ፕላስቲክ ለሚቆርጥ ሰው ይበቃል። ብረት ለመቁረጥ ላሰበ አንመክረውም። ትልቁ ጥቅሙ ድራይቨር ሲቃጠል እሱን ብቻ ነቅሎ መተካት መቻሉ ነው። ብዙ ጊዜ «ቦርዱ ሞቷል» ተብሎ የሚጣለው ግን ጤነኛ ቦርድ ነው።

ዋናው ጉድለቱ የታተመበት ጽሑፍ ነው። አርዱዊኖው ላይ በሚጫነው የማሽኑ መሪ ፕሮግራም በጂአርቢኤል 1.1፣ የዜድ (የላይና ታች እንቅስቃሴ) ሊሚት ስዊች፣ ማለትም ጫፍ ላይ መደረሱን የሚያሳውቀው ስዊች፣ ፒን 12፣ የስፒንድል (የመቁረጫው ሞተር) ፍጥነት ደግሞ ፒን 11 ላይ ነው፤ ሺልዱ ላይ የተጻፈው የድሮው ድልድል ነው። የዜድ ስዊች «ስፒንድል ኢነብል» በሚለው ፒን ካልተሰካ ሆሚንግ (ማሽኑ ስዊቾቹን ነክቶ መነሻውን የሚያገኝበት ሂደት) ላይ ዜድ ስዊቹን ገጭቶም አይቆምም።

ሞተሩ እየተንቀጠቀጠ ካልዞረ መጀመሪያ ሽቦዎቹን ፈትሹ። ቴስተሩ የሚጮህባቸው ሁለት ሽቦዎች የአንድ ጥቅል ናቸው፤ ጎን ለጎን ይሰኩ። ከዚያ ከረንቱን አስተካክሉ፦ የድራይቨሩ ሬዚስተር ላይ አር100 ከተጻፈ፣ በማስተካከያዋ ብሎንና በግራውንድ መካከል 0.8 ቮልት ማለት 1 አምፔር ነው። ካቻቢቴዋን በጥቂቱ ብቻ አዙሩ። ከ1 አምፔር በላይ ከሄዳችሁ ሂትሲንክና ቬንቲሌተር ግድ ነው፤ አለበለዚያ ድራይቨሩ ሲግል ራሱን እያጠፋ ስቴፕ (የሞተሩን አንድ ትንሽ እርምጃ) ይዘላል። በኤ4988 ፋንታ ዲአርቪ8825 የተባለውን ድራይቨር ከተካችሁ ማስተካከያዋ የምትገኘው በተቃራኒው ጫፍ ስለሆነ፣ በእሷ አይታችሁ ሳይሆን «ኢኤን» የሚለውን ፒን አመሳክራችሁ ሰኩ። ተገልብጦ የተሰካ ድራይቨር አይተርፍም። ኃይል እያለ የሞተር ሽቦ መንቀልም እንዲሁ ያቃጥላል።

ስፒንድሉ ሲነሳ ማሽኑ ያለ ምክንያት «አላርም 1» (ሊሚት ስዊች ተነክቷል) ብሎ ከቆመ ኖይዝ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ረብሻ ነው፤ ሺልዱ የሊሚት መስመሮቹ ላይ ማጣሪያ የለውም። ከሲግናል ወደ ግራውንድ 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በየስዊቹ ጨምሩ፤ የስዊች ሽቦን ከስፒንድል ሽቦ አርቁ። ሳይነካ ዝግ የሆነ ስዊችና እሱን የሚያስነብበው የጂአርቢኤል ቅንብር $5=1 ደግሞ የበለጠ አስተማማኝ ነው፤ ሽቦ ቢበጠስም ማሽኑ ይቆማል። ሆኖም የኤክስ ፕላስና የኤክስ ማይነስ ፒኖች (የአንድ አቅጣጫ ሁለት ጫፎች ስዊቾች የሚሰኩባቸው) ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው። ዝግ ስዊቾችን በሁለቱ ላይ ለየብቻ ከሰካችሁ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይሸፍነዋል፤ በተከታታይ አያይዟቸው።

ፓወር ሰፕላይ 24 ቮልት ይበቃል። ጎኑ ላይ መቀያየሪያ ካለ 230 ላይ መሆኑን ሳታዩ አትሰኩ፤ 115 ላይ ከሆነ የኛ 220 ያቃጥለዋል። ሺልዱ ለአርዱዊኖው ኃይል አይሰጥም፤ አርዱዊኖው የሚሠራው በዩኤስቢ ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሞተሮቹ ይቆማሉ፣ በላፕቶፕ ባትሪ ያለው አርዱዊኖ ግን ስቴፕ መቁጠሩን ይቀጥላል፣ አላርምም አያሰማም። መብራት ሲመለስ ሥራውን አቁማችሁ ሆሚንግ ካላደረጋችሁ ቁራጩ ተበላሽቷል።