በወር ሁለቴ ለምትወጣ ሞተር የተገዛች ጂፒኤስ፦ የ14 ወር አጠቃቀም

ሞተር ሳይክሌን በየቀኑ አልነዳም። ሐዋሳ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ ሥራ ቦታ የምደርሰው በእግሬ ነው፣ ሲዘንብ ደግሞ በባጃጅ። ሞተሯ ከግቢ የምትወጣው በወር አንድ ወይም ሁለት ቅዳሜ ነው፤ ወደ ወንዶ ገነት፣ ወደ አለታ ወንዶ፣ የክረምቱ ጭቃ ሲደርቅ ደግሞ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጌ እስከ ባሌ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች ያለው ፍርዴ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ኮርቻ ላይ የሚውል ሰው ምርጫዬን ቢንቅብኝ አልቀየመውም።

ዕቃዋ የጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ ናት፤ ያለሁበትን ቦታ ከሳተላይት ተቀብላ ካርታ ላይ የምታሳይ የእጅ መሣሪያ። በ2019 ገበያ ላይ ስትውል ዋጋዋ 200 ዶላር ገደማ ነበር፤ እኔ ዘንድ የደረሰችው ግን ከአሜሪካ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ፣ በሁለት ካልሲ ተጠቅልላ ነው። መዳፍ ውስጥ ትገባለች፤ ባትሪዎቿ ገብተውባት 142 ግራም ትመዝናለች።

ከእሷ በፊት ስልኬን መሪው ላይ አስሬ ነበር የምሄደው። ካርታውን ቤት ሆኜ አውርጄ ስለምይዝ የኔትወርክ መጥፋት አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ፀሐይ፣ ዝናብና ንዝረት ነው። በቀትር የስልኩ ስክሪን መስታወት ይሆንና የገዛ ሄልሜቴን ያሳየኛል። ዝናብ ሲያንጠባጥብ ስልኩ ጠብታውን ጣት እየመሰለው ካርታውን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል። በስድስተኛው ወር ካሜራው ፎቶ ሁሉ ማደብዘዝ ጀመረ። አፕል በ2021 ባወጣው ማሳሰቢያ የትልልቅ ሞተር ሳይክሎች ንዝረት የስልክን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል መግለጹን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። የእኔ ስልክ የሌላ ፋብሪካ ምርት ነው፤ ሞተሬም ትልቅ አይደለችም፤ ምክንያቱ ግን ያው ይመስለኛል።

ለሞተረኛ ተብለው የሚሠሩ ጂፒኤሶች አሉ። ስክሪናቸው ሰፊ ነው፣ በጓንት ይነካሉ፣ ሄልሜት ውስጥ ድረስ ይናገራሉ። ዋጋቸው ግን ከእጥፍ በላይ ነው፤ በዚያ ላይ ከሞተሩ ባትሪ ሽቦ መሳብ ይፈልጋሉ፣ የራሳቸው ባትሪም ውስጣቸው የተቀበረ ነው። እኔን ያቆመኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ለእንደኔ ዓይነቱ ነጂ ዋናው ጥያቄ፣ ዕቃው ሦስት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ ቅዳሜ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ሲነሳ ይሠራል ወይ የሚለው ነው። ኢትሬክስ የምትሠራው በሁለት ኤኤ የባትሪ ድንጋይ ነው፤ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ በሚገባው። ባዶ ሆና ብትገኝ መንገድ ዳር ካለ ማንኛውም ሱቅ ገዝቶ መክተት ነው።

ከዚያው ቤተሰብ ኢትሬክስ 10ም ነበረች፤ ርካሽ ነበረች፤ ነገር ግን ስክሪኗ ጥቁርና ነጭ ነው፣ ዝርዝር ካርታም አይጫንባትም። 32ኤክስ ደግሞ ገበያ ላይ ስትውል በነበረው ዋጋ በ100 ዶላር ጭማሪ ኮምፓስና የአየር ግፊት ከፍታ መለኪያ አላት። የእኔዋ ኮምፓስ ስለሌላት አቅጣጫ የምታውቀው ስትንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ስቆም ቀስቷ እንደ ሰከረ ሰው ትዞራለች። ሞተር ላይ ግን ሰው ካልሄደ አቅጣጫ ምን ያደርግለታል? አሥር ሜትር ስነዳ ቀስቷ ትስተካከላለች። ከፍታውም ቢሆን በሳተላይት ብቻ እየለካች ባሌ ውስጥ ሳነቴ አምባ ላይ፣ 4,377 ሜትር ከሚባለው ከቱሉ ዲምቱ ጫፍ፣ ከ20 ሜትር ያነሰ ልዩነት ነው ያሳየችኝ። መቶ ዶላሩን ለነዳጅ አውያለሁ።

ስለ ድንጋዮቹ ትንሽ ልቆይ። አምራቹ 25 ሰዓት ይላል። ጥሩ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ስከትባት ሁለት ሙሉ የጉዞ ቀን ታደርሰኛለች። ከመንገድ ዳር የገዛሁት ርካሽ ድንጋይ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ከይርጋለም ወጥቼ ኮረኮንች ላይ ሳለሁ በሩብ ሰዓት ውስጥ አራት ጊዜ ጠፋችብኝ። ተበላሸች ብዬ ተስፋ ቆርጬ ጀርባዋን ስከፍት ነገሩ ገባኝ፤ ድንጋዮቹ ከመደበኛው ትንሽ ቀጠን ስለሚሉ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከመገናኛው ይላቀቃሉ። የሲጋራ ወረቀት አጥፌ ከጎናቸው ሸጎጥኩ፤ እስከ ቤት ድረስ አልጠፋችም። ሌላም ነገር አለ፤ የባትሪውን ዓይነት ምናሌው ውስጥ ገብቶ መንገር ያስፈልጋል። ካልተነገራት ቻርጅ በሚደረገው ላይ አቅሙ ሳያልቅ አለቀ ትላለች።

መያዣውን የገዛሁት ለብቻው ነው፤ ስሙ ያልተጻፈበት ፕላስቲክ። ኮፈሌ አካባቢ እግሩ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ዕቃዋን ያተረፋት የሰፈሬ ጎሚስታ ምክር ነው፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ ጣት የሚያህል ቁራጭ ቆርጦ በማንጠልጠያዋ አሳልፎ መሪው ላይ አስሮልኝ ነበር። ከፍሬን ማንሻው ጎን እንደ ደወል ተንጠልጥላ እየተወዛወዘች አገኘኋት። አሁን መያዣዋ ብረት ነው፤ ከመነዳሪው ግን አልተፈታም።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ ከአለታ ወንዶ ወጣ ብሎ ካለ የቡና ማጠቢያ ቦታ ወዳጄን ጠይቄ ስመለስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ሆኖ ነበር። ሰማዩ ጠቁሯል። አገሩን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እንሰትና ቡና ግራና ቀኝ ግድግዳ ሆነው ቆመው፣ መስቀለኛው ሁሉ መንታ ነው። «ወደ ቤት» ብዬ አዘዝኳት። ሐምራዊ መስመር አወጣች፤ ተከተልኩ። መንገዱ እየጠበበ፣ እየጠበበ ሄዶ ሁለት ግንድ የተጋደመበት ወንዝ ዳር አደረሰኝ። ሣር የተሸከሙ አባት ቆመው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይህ የእግር መንገድ ነው።»

«አስፋልቱ በየት ነው፣ አባባ?»

«እዚህችው ናት» አሉና አገጫቸውን ወደ ኮረብታው ቀሰሩ። እሷ 9 ኪሎ ሜትር ትላለች።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሐዋሳ ውስጥ በእግሬ ስሞክራት «እግረኛ» ብዬ የሞላሁትን ሳልቀይር ነው የወጣሁት፤ እሷም የታዘዘችውን አደረገች። መንገድ ምረጪልኝ ማለቱን ትቼ ጠዋት ስመጣ መዝግባ ያስቀመጠችውን ዱካ ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ የቀረው አንድ መስመርና አንድ ቀስት ነው። በየመታጠፊያው ፍጥነት እቀንሳለሁ፣ አንድ ጊዜ ዓይኔን ጣል አደርጋለሁ፤ ቀስቷ ከመስመሩ ከወጣች እመለሳለሁ። ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ ዝናብ ለእሷ ምንም አይደለም፣ ግማሽ ሰዓት አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ብትገባ እንድትችል ሆና ነው የተሠራች። አስፋልቱ ላይ ስወጣ ከምሽቱ 1 ሰዓት አልፏል። ከዚያ ወዲህ መንገድ ምረጪልኝ የምላት ዋና ጎዳና ላይ ብቻ ነው። ስክሪኗ 2.2 ኢንች ነው፤ እየነዱ የመንገድ ስም ለማንበብ የሚሞክር ሰው ጉድጓድ ያነባል። ድምፅ ብላ የምታወጣው ጢጥታም ከሄልሜት አያልፍም። መስመር ለማሳየት ግን ይበቃል፤ ፀሐዩ በበረታ ቁጥር ስክሪኗ እየጠራ ይሄዳል።

ካርታው በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩት ኦፕንስትሪትማፕ ነው፤ በነፃ ይወርዳል፣ በኬብል ይገለበጣል። ኬብሉ የድሮው ሚኒ ዩኤስቢ ስለሆነ ከአሮጌ ካሜራ ጋር የመጣውን ከመሳቢያ አውጥቼ ነው የምጠቀመው።

የኢትዮጵያን አሮጌ ባለ 1፡50,000 ካርታ ለሚጠቀም አንድ ነገር ልጨምር። የአንድ ፍልውኃን ቦታ የሚያሳዩትን ቁጥሮች ከዚያ ካርታ ላይ በመስመሮቹ አንብቤ ጂፒኤሷ ላይ ሞልቼ ሄድኩ፤ «ደርሰሃል» ያለችኝ በቆሎ ማሳ መሃል ነው። ውኃው 200 ሜትር ገደማ ወዲያ ይፈላል። ካርታዎቹ የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የልኬት መነሻ ሲሆን ጂፒኤስ ደግሞ የሚጠቀመው የዓለም አቀፉን ነው። ምናሌው ውስጥ አዲንዳን አለ፤ እሱን መምረጥ ብቻ ነው። ሥራው ሲያልቅ መመለስ አይረሳ።

ሞተሬ የነዳጅ መለኪያ ስለሌላት ነዳጅ ስሞላ የእሷን የጉዞ ቆጣሪ ዜሮ አደርጋለሁ፤ 250 ኪሎ ሜትር ላይ ስትደርስ ማደያ መፈለግ እጀምራለሁ። የሞተሯ የፍጥነት ቆጣሪ 80 ሲል እሷ 74 ትላለች፤ የማምነው እሷን ነው።

ምናሌዋ አማርኛ የለውም። ሰዓቱን ግን አማርኛ አስተምሬያታለሁ፤ የሰዓት ክልሉን ከራስ ሰር አውጥቼ ከግሪንዊች 3 ሰዓት ወደ ኋላ፣ እንደ ቦነስ አይረስ አደረግሁት። የጠዋቱ 1 ሰዓት 1 ሰዓት ሆኖ ይነበባል። ባለፈው ወር የእህቴ ባል ለባሌ ጉዞ ተውሷት ሄደና በሳምንቱ በንጽሕና ወልውሎ መለሰልኝ። «ሰዓቷ ተበላሽቶ ነበር» አለኝ፣ «አስተካክዬልሃለሁ።»