ካኖን 600ዲ በአባቴ የዜኒት ሌንስ፦ ከአንድ ዓመት በኋላ ከባህር ዳር

ካሜራው ካኖን 600ዲ ነው። ያገለገለ፣ ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ከነ18-55 ሌንሱ በ28 ሺህ ብር የገዛሁት። ስራዬ ፎቶ አይደለም፣ ስለምወደው ነው የማነሳው፣ ከዚህ በፊት ደግሞ 11 ዓመት ሙሉ በፊልም ብቻ ነው ያነሳሁት፣ በአባቴ ዜኒት-ኢ፣ የሶቪየት የፊልም ካሜራ ነው። አባቴ የተማረው እዚሁ ባህር ዳር ፖሊ ነው፣ ፖሊ ቴክኒኩ በፈረንጆቹ 1963 በሶቪየት ህብረት ትብብር የተቋቋመ ስለሆነ በሱ ጊዜ ሩሲያኖች ያስተምሩ ነበር፣ አንደኛው ወደ ሀገሩ ሲመለስ ካሜራውን ለአባቴ ትቶለት ሄደ። ስለዚህ ይሄን የምጽፈው በተለይ ቤታችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ የአባት ወይ የአጎት ዜኒት ተቀምጦ ወደ ዲጂታል ልግባ አልግባ እያላችሁ ለምታመነቱ ነው።

ፊልሙን የተውኩት ጠልቼው አይደለም። እዚህ ከተማ ከለር ፊልም የሚያጥብልኝ ፎቶ ቤት ማሽኑን አቆመ፣ ከዛ በኋላ በሰው በሰው አዲስ አበባ መላክ ጀመርኩ፣ ደርሶ ታጥቦ ስካን ተደርጎ እስኪመለስ ወር ይሞላል፣ አንዴ ደግሞ የጥምቀት ጥቅሌ መንገድ ላይ ጠፋ፣ 36ቱም ፎቶ። የዛን ቀን ወሰንኩ።

ስለ ዲጂታል ስትጠይቁ ሰው ቶሎ የሚያወራችሁ ስለ ሜጋፒክስል ነው፣ ይሄኛው 18 አለው፣ ለኔ በቂ ነው፣ እሱን እንለፈው። ባህር ዳር ላይ ትልቁ ጥያቄ ነጠላን እንዴት ያነሳል የሚለው ነው። በገዛሁት በመጀመሪያው እሁድ ጊዮርጊስ ሄድኩ፣ ቅዳሴ ወጥቶ ሰው ሲበተን፣ 3 ሰዓት አካባቢ፣ ፀሐይዋ ጠንከር ብላለች። በፊልም እንደለመድኩት ትንሽ ብርሃን እየጨመርኩ አነሳሁ፣ ምክንያቱም ከለር ኔጋቲቭ ፊልም ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይ በግማሽ ሲቀንስ ነው) እንኳ ቢበዛበት ነጩ ውስጥ ያለው ነገር አይጠፋም፣ ሲታተም ይመለሳል፣ የሚያበላሸው ሲያንስበት ነው። ቤት ገብቼ ላፕቶፕ ላይ ስከፍተው ግን ነጠላዎቹ በሙሉ ባዶ ነጭ ሆነዋል፣ እጥፋቱ የለም፣ ሽመናው የለም፣ ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ የተንጠለጠለ ነው የሚመስለው። ከ140 ፎቶ ለሰው የማሳየው ስድስት አላገኘሁም፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ነገሩ ሲገባኝ ቀላል ነው። የዲጂታሉ ሴንሰር (በፊልሙ ቦታ ብርሃኑን የሚቀበለው) እንደ እንስራ ነው፣ ከሞላ በኋላ የምትጨምሩበት ውሃ ይፈሳል፣ ምን ያህል እንደፈሰሰ በኋላ ማወቅ አይቻልም፣ ሁሉም እኩል ነጭ ሆኖ ይቀራል። ፊልም ግን ከመሙላቱ በፊት ቀስ እያለ ነው እምቢ የሚለው። ስለዚህ ህጉ ይገለበጣል፦ በፊልም ለጥቁሩ ታስባላችሁ፣ በዲጂታል ለነጩ።

አሁን የማደርገው ምን መሰላችሁ፣ ሁሌም በሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) ነው የማነሳው፣ ካነሳሁ በኋላ ሂስቶግራም (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳይ ግራፍ) ያለበትን ገጽ እከፍታለሁ፣ እዛ ላይ የተቃጠለው ነጭ ብልጭ ድርግም እያለ ያሳያችኋል። ሀይቁ ላይ የሚያብረቀርቀው ፀሐይ ብልጭ ድርግም ቢል ችግር የለም፣ ነጠላ ላይ ብልጭ ካለ ግን ኤክስፖዠሩን (የሚገባውን ብርሃን) በሁለት ሶስተኛ ወይ በአንድ ስቶፕ ዝቅ አድርጌ እደግመዋለሁ። አንድ ነገር ተጠንቀቁ፣ ፍሬሙ በነጭ ከተሞላ (መዘምራን ተሰልፈው ሲመጡ ለምሳሌ) ካሜራው ራሱ ነጩን ግራጫ ሊያደርገው ይፈልጋል፣ ያኔ የሰው ፊት ይጠቁራል፣ እንደገና ዝቅ ካደረጋችሁት ይብስበታል፣ ስለዚህ ቁጥር ከመሸምደድ ብልጭታውን ማየት ነው የሚያዋጣው። ፊቱን በኋላ ኮምፒውተር ላይ ማብራት ይቻላል፣ ሮው ፋይሉ 14 ቢት ስለሆነ (የብርሃን ደረጃዎችን በደንብ ስለሚለይ) እስከ አንድ ተኩል ስቶፕ ያህል ሳይበላሽ ይበራል፣ ከዛ በላይ ጥላው ውስጥ ነጠብጣብ ይወጣል። ኮምፒውተር የሌለው ሰው በጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀነባብሮ በሚሰጠው ፋይል) ካነሳ ሀይላይት ቶን ፕራዮሪቲ የሚባለውን የነጭ መጠበቂያ ያብራው፣ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ200 ይጀምርበታል እንጂ ለነጭ ልብስ በደንብ ይረዳል። እኩለ ቀን ላይ ግን አሁንም ፊልም ይሻላል እላለሁ፣ በ6 ሰዓት ፀሐይ ካሜራዬን ቦርሳ ውስጥ ነው የማቆየው።

ከነጩ ቀጥሎ ትልቁን ለውጥ ያየሁት ዘጌ ነው። ዑራ ኪዳነ ምህረት መቅደሱ ዙሪያውን ስዕል ነው፣ ውስጡ ግን ጨለም ያለ ነው፣ ፍላሽ አይፈቀድም፣ መፈቀድም የለበትም። በዜኒቱ አይኤስኦ 200 ፊልም ጭኜ ሌንሱን እስከ መጨረሻው፣ ኤፍ 2 ድረስ ከፍቼ እንኳ 8ኛ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ስምንተኛ) ነበር የሚያስፈልገኝ፣ ዜኒቱ ደግሞ ከ30ኛ ሰከንድ በታች ያለው ቢ ብቻ ነው (ቁልፉን እስከያዛችሁ ድረስ ክፍት የሚቆይበት)፣ ቢ ላይ ደግሞ በእጅ ይዞ ማንሳት አይሆንም። ስለዚህ ስንት ዓመት ዘጌ እየሄድኩ ይዤ የምመለሰው የቡና ዛፍና የሀይቁን ዳር ነበር። በ600ዲ አይኤስኦውን 1600 አደረግኩት፣ 60ኛ ሰከንድ ሰጠኝ፣ ስዕሎቹ ከነዓይናቸው ወጡ። 3200 ላይ ሻካራ መሆን ይጀምራል፣ ለኔ ግን ከባዶ እጅ በብዙ ይሻላል። በፊልም 200 ከጫናችሁ 36ቱም 200 ነው፣ ከውጭ ብርሃን ወደ መቅደስ ጨለማ ስትገቡ ፊልሙ አብሯችሁ አይቀየርም፣ እዚህ ግን በር ላይ ቆሞ አንድ ቁልፍ ነው።

አሁን ዜኒት ላላችሁ ሰዎች የሚጠቅመው። የዜኒቱ ሌንስ ሄሊዮስ 44-2 ነው፣ 58 ሚሊሜትር፣ በጥርስ የሚጠመዘዝ፣ ኤም 42 የሚባለው ዓይነት። ካኖን ያስመረጠኝም እሱ ነው። ኤም 42 ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው የተሰራው፣ የካኖን ርቀት 44 ስለሆነ መሀል ላይ ቀጭን ቀለበት ይገባል፣ ሩቁም ቅርቡም ፎከስ ይሆናል። ኒኮን ግን 46.5 ነው፣ ሌንሱ ራሱ ከሚገባው በላይ ርቆ ይቀመጣል፣ ውስጡ መስታወት ያለው ቀለበት ካልሆነ በቀር ማዶ ያለውን ነገር ፎከስ አያደርግላችሁም። ቀለበቱን ከውጭ የመጣ ዘመድ ይዞልኝ መጣ፣ ትንሽ ብረት ናት። ሌንሱ ሲገባ ካሜራው አያውቀውም፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) 00 ብሎ ነው የሚያሳየው፣ ግን ኤቪ ላይ (ፍጥነቱን ካሜራው ራሱ በሚመርጥበት) ብርሃኑን ይለካል፣ ያነሳል። ፎከሱ በእጅ ነው። በመመልከቻው ዓይን ብቻ ኤፍ 2 ላይ ፎከስ ማድረግ ይከብዳል፣ ላይቭ ቪው (በስክሪኑ እያዩ ማንሳት) ከፍቶ 10 እጥፍ አጉልቶ ማየት ነው መፍትሄው፣ ታንኳ ላይ ሆናችሁ ከሆነ ደግሞ ስለሚወዛወዝ ኤፍ 5.6 አድርጉት። የካኖኑ ሴንሰር ከፊልሙ ስለሚያንስ 58ቱ እንደ 93 ሆኖ ነው የሚያየው፣ ለፊት ፎቶ በጣም ያምራል፣ ከኋላ ያለው ቅጠል ክብ እየሰራ ይዞራል፣ ይሄን መልክ የ18-55ቱ ሌንስ አይሰጣችሁም። ለመንገድና ለቤት ውስጥ ግን ጠባብ ነው፣ ለዛ 18-55ቱን ነው የምጠቀመው።

በዚሁ ሌንስ የአባቴን ኔጋቲቮችም እየገለበጥኩ ነው። ሌንሱ ከግማሽ ሜትር በታች ስለማይቀርብ ማራዘሚያ ቀለበት ያስፈልጋል፣ ከስር የስልክ ስክሪን ነጭ አድርጌ አበራለሁ፣ ኔጋቲቩን ከስክሪኑ ጥቂት ሳንቲሜትር ከፍ አድርጌ እይዛለሁ (ካልሆነ የስክሪኑ ነጥቦች አብረው ይወጣሉ)፣ ከዛ ኮምፒውተር ላይ ቀለሙን መገልበጥ ነው። ጢስ አባይን አባቴ ያነሳው ውሃው ወደ ሁለተኛው የመብራት ማመንጫ ከመዞሩ በፊት ነው፣ ገደሉን ከዳር እስከ ዳር ሸፍኖ ሲወርድ። እሱን ለልጆቼ በስክሪን ሳሳያቸው አንድ ቦታ መሆኑን አላመኑም።

ስለ ግዢው። ያገለገለ ስትገዙ 600ዲ፣ ሬብል ቲ3አይ እና ኪስ ኤክስ5 አንድ ካሜራ መሆናቸውን እወቁ፣ ከአሜሪካ ወይ ከጃፓን የመጣ ስለሆነ ነው ስሙ የሚለየው፣ በስሙ ዋጋ እንዳይጨምሩባችሁ። የወጣው በፈረንጆቹ 2011 ነው፣ ሻተሩ (በየፎቶው የሚከፈተውና የሚዘጋው መጋረጃ) እስከ 100 ሺህ ክሊክ ታስቦ ነው የተሰራው፣ ስንት እንዳነሳ ግን ፎቶው ላይ አይጻፍም፣ በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቶ በፕሮግራም ማየት ነው፣ ሻጩ ይሄን አላስፈትሽም ካለ ተዉት። የኔ 31 ሺህ ነበር።

ሜሞሪ ላይ ተሞኝቻለሁ፣ የሸጠልኝን ሱቅ አልጠራም፣ 64 ጂቢ የሚል ተጽፎበታል፣ ውስጡ ግን ከ8 አይበልጥም ነበር፣ ሲሞላ ዝም ብሎ የበፊቱን እያጠፋ ይጽፋል፣ የቤተሰብ ሰርግ ፎቶ ግማሹ የሄደው በዛ ነው። አዲስ ሜሞሪ ስትገዙ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ እስከ አፉ በፋይል ሙሉትና መልሳችሁ ክፈቱት። ባትሪው በመመልከቻው ካነሳችሁ ከ400 በላይ ፎቶ ይይዛል፣ ላይቭ ቪው ላይ ግን ቶሎ ያልቃል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰሞን ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው፣ ዜኒቱ ባትሪ የሚባል ነገር አያውቅም ነበርና ይሄን መልመድ ጊዜ ወሰደብኝ። ሀይቅ ዳር ሌንስ አትቀይሩ፣ ፊልም በየፎቶው አዲስ ነው፣ ሴንሰር ግን አንዴ የገባበትን አቧራ እስኪጸዳ ድረስ ይዞ ይኖራል፣ ሰማይ ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። ክረምት ላይ ደግሞ ሌንስ ይሻግታል፣ ጫማ ሳጥን ውስጥ የሚመጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሉ፣ ቦርሳው ውስጥ አድርጉት።

ዋጋውስ ይገባዋል ወይ ካላችሁኝ፣ ይገባዋል፣ በተለይ ኤም 42 ሌንስ ላለው ሰው ለዚህ ገንዘብ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ዜኒቱን አልሸጥኩም፣ ውስጡ ግማሽ የደረሰ ፊልም አለ።

ባለፈው ህዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አባይ ከሀይቁ የሚወጣበት አካባቢ አንድ አባት በደንገል ታንኳ ዓሳ ይዘው ሲመጡ ጋቢያቸውን እንደለበሱ አነሳኋቸው፣ በሄሊዮሱ፣ አንድ ስቶፕ ዝቅ አድርጌ። "አባቴ፣ ይዩት እስቲ" ብዬ ስክሪኑን ሳሳያቸው ጠጋ ብለው አዩና "ወረቀቱስ?" አሉኝ። ሰኞ 10 በ15 አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። ፊታቸውን አይደለም ያዩት። ጣታቸውን ጋቢው ላይ አድርገው እጥፋቱን እየተከተሉ ቆዩና "ፈትሉን አየኸው? የሷ እጅ ነው፣ ባለቤቴ የፈተለችው" አሉኝ።