በዴኒያ የቀጠርነው ጉዳይ አስፈጻሚ ቢሮ፦ ከብሪታንያ ወደ ስፔን ለሚዛወሩ የቀረበ ግምገማ

ስፔን ውስጥ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚያገናኝ ጉዳይ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ቤቱ አይሄድም፤ ወረቀቱን ይዞ «ሄስቶሪያ» ወደሚባል ቢሮ ይገባል። ሥራው አገር ቤት ጉዳይ አስፈጻሚ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ሆኖም «ሄስቶር አድሚኒስትራቲቮ» የሚለው የሙያ መጠሪያ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ በሙያ ማኅበሩ ያልተመዘገበ ሰው ሊጠራበት አይችልም። እኔና ባለቤቴ ከለንደን ወጥተን በአሊካንቴ ክፍለ ሀገር በምትገኘው በዴኒያ ስንሰፍር ከእነዚህ ቢሮዎች አንዱን ቀጥረን ነበር። እኔ አዲስ አበባ ተወልጄ ለንደን ውስጥ በነርስነት ያገለገልሁ ነኝ፤ ባለቤቴ እንግሊዛዊ ሲሆን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የለንደን ከተማ አስተዳደር ሠራተኛ ነበር። የምንይዘው ፓስፖርት የሁለታችንም የብሪታንያ ነው። በዚህ የባሕር ጠረፍ ተመሳሳይ አገልግሎት የሚሰጡ ቢሮዎች ብዙ ስለሆኑና የምነቅፈውም ነገር ስላለ የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ አንባቢን የሚጠቅመው የትኛውን ሥራ ለእነርሱ መስጠት፣ የትኛውን ደግሞ መንፈግ እንደሚገባ ማወቁ ነው።

ለሁለታችን የተስማማነው በ700 ዩሮ ሲሆን የቪዛ ሰነዶችን መመርመርን፣ የነዋሪነት ምዝገባን፣ የመኖሪያ ካርድንና የባለቤቴን መንጃ ፈቃድ መቀየርን ያጠቃልል ነበር። ዋጋው ሲነገረን 21 በመቶ የሆነው የተጨማሪ እሴት ታክስ ውስጡ አልነበረም፤ ይህ በስፔን የሙያ አገልግሎት ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። የመንግሥት ክፍያዎችም ለብቻ ናቸው፤ እነርሱ ግን አነስተኛ ናቸው፤ ለመኖሪያ ካርዱ የሚከፈለው ለአንድ ሰው ከ25 ዩሮ በታች ነው።

እንግሊዞች ድሮ እንዲህ ዓይነት ቢሮ እምብዛም አያስፈልጋቸውም ነበር። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ከአውሮፓ ኅብረት ወጥታ የሽግግሩ ጊዜ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 31 ሲያበቃ ግን የብሪታንያ ዜጋ ከማንኛውም የኅብረቱ አባል ካልሆነ አገር ዜጋ ጋር እኩል ሆነ፤ ያለ ቪዛ መቆየት የሚችለው ከማናቸውም 180 ቀናት ውስጥ 90ውን ብቻ ነው። እኛ የጠየቅነው ሥራ ለማይሠሩ ሰዎች የሚሰጠውን ቪዛ ነው። ለዚህ ቪዛ የሚፈለገው ገቢ «ኢፕሬም» በሚባል የመንግሥት መለኪያ ይሰላል። መለኪያው በወር 600 ዩሮ በሆነበት ስሌት ዋናው አመልካች አራት እጥፉን፣ ማለትም 2,400 ዩሮ፣ የትዳር ጓደኛው ደግሞ አንድ እጥፉን ማሳየት ስላለባቸው ለባልና ሚስት በዓመት 36,000 ዩሮ ይሆናል። ሁለት መካከለኛ ጡረታዎች ያሏቸው ባልና ሚስት እንኳ ይህን ለመሙላት ከቁጠባ መጨመር ሊኖርባቸው ይችላል።

የቢሮው የመጀመሪያ ጥቅም የታየው በዚህ ደረጃ ላይ፣ ገና ለንደን ሳለን ነው። የወንጀል ነጻ ማስረጃው አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ሊለጠፍበት፣ ከዚያም በስፔን መንግሥት በታወቀ ቃለ መሐላ በፈጸመ ተርጓሚ ወደ ስፓኒሽ ሊመለስ ይገባል። ብዙ ሰው ጊዜ ለመቆጠብ አስቀድሞ ያስተረጉምና በኋላ አፖስቲሉን ያስለጥፋል፤ ነገር ግን አፖስቲሉ ራሱ መተርጎም ስላለበት ሥራው ከእንደገና ይጀመራል። ቢሮው ይህን ቅደም ተከተል በአንድ ገጽ ጽፎ፣ ከየትኛው ወረቀት በፊት የትኛው እንደሚመጣና የትኛው ቶሎ ጊዜው እንደሚያልፍበት ለይቶ ላከልን። ከከፈልነው ሁሉ የበለጠ ዋጋ ያገኘሁበት ነገር ይህ አንድ ገጽ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ዴኒያ ከገባን በኋላ የመጀመሪያው ሥራ «ፓድሮን» በሚባለው የከተማው የነዋሪዎች መዝገብ መግባት ነበር። ለዚህ የኪራይ ውልና ፓስፖርት ይበቃል፤ በማዘጋጃ ቤቱ ያሉ ቅጾችና ማስታወቂያዎች በስፓኒሽ ብቻ ሳይሆን በቫሌንሲያ ቋንቋም የተጻፉ መሆናቸው መጀመሪያ ግር ከማሰኘቱ በስተቀር ሰው ብቻውን ሊጨርሰው የሚችል ነው። ለዚህ ማንም ገንዘብ እንዲከፍል አልመክርም።

የመኖሪያ ካርዱ ግን ሌላ ነው። ሕጉ ከገቡ በአንድ ወር ውስጥ ካርዱን ይጠይቁ ይላል፤ የጣት አሻራ የሚሰጥበት የፖሊስ ቀጠሮ ደግሞ በኢንተርኔት ብቻ የሚያዝ ሆኖ ብዙ ጊዜ ባዶ ቦታ የለም የሚል መልስ ይሰጣል። ቀጠሮው በሕግ ነጻ ቢሆንም በኮምፒውተር ፕሮግራም በጅምላ ይዘው የሚቸረችሩ ሰዎች አሉ፤ የስፔን ፖሊስም በዚህ ንግድ ምክንያት ሰዎችን አስሯል። የእኛ ቢሮ ቀጠሮ አይሸጥም፤ አዲስ ቀጠሮ ብዙውን ጊዜ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚለቀቅ የምታውቅ አንዲት ሠራተኛ ግን አለችው፤ ሁለታችንንም በተከታታይ ሰዓት አስያዘችን፣ በዕለቱም አብራን መጥታ ከመስኮቱ ፊት ቆመች። ሰላምታዋ አጭር፣ ፋይሏ የተሟላ ነበር።

በዚሁ አጋጣሚ ከኢትዮጵያ ለመጣን ሰዎች ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ልጨምር። የስፔን ቅጽ የመጀመሪያና ሁለተኛ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ ዝቅ ብሎ ደግሞ የአባት ስምና የእናት ስም ይላል። በብሪታንያ ፓስፖርቴ ላይ የቤተሰብ ስም ሆኖ የተጻፈው የአባቴ ስም ስለሆነ ያው ስም በቅጹ ላይ ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ይህን ያየ ሠራተኛ ሁሉ ስሕተት መስሎት ሊሰርዘው ብዕሩን ያነሳል። የቢሮዋ ሠራተኛ ይህን አስቀድማ ስለጠየቀችኝ ለፖሊሱ በሁለት ዓረፍተ ነገር አስረዳችውና አለፈ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ በያኔው ስፓኒሼ የአባትን ስም ሥርዓት ማስረዳት አልችልም ነበር። ካርዱ ላይ የወጣው ስም ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ሳይዛነፍ አንድ መሆኑ ለባንክም፣ ለጤና ጣቢያም፣ ለውርስም ስለሚያስፈልግ በዚህ ነጥብ ላይ መድከም ተገቢ ነው።

የባለቤቴ መንጃ ፈቃድም በጥሩ ሁኔታ ተጠናቋል። ከአውሮፓ ኅብረት ከተወጣ በኋላ በስፔን የሚኖሩ ብዙ ብሪታንያውያን የመንጃ ፈቃዳቸው ዋጋ አጥቶ መኪናቸውን ለማቆም ተገድደው ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 2023 ጀምሮ ግን በሁለቱ መንግሥታት ስምምነት መሠረት ያለ ፈተና መቀየር ይቻላል። አዲስ ነዋሪ በአሮጌው ፈቃድ መንዳት የሚችለው ለስድስት ወር ነው። ከመቀየሩ በፊት ለአሽከርካሪዎች በተፈቀደ የምርመራ ማዕከል ዓይንና ጆሮ ይታያል፤ ከዚያም ሰውን የሚያስደነግጠው ክፍል ይመጣል። በሁለት እጅ ሁለት ዘንግ ተይዞ በስክሪኑ ላይ እየተጠማዘዙ በሚወርዱ ሁለት ጠባብ መንገዶች ውስጥ ሁለት ነጥቦችን ከዳር ሳያስነኩ መምራት ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ጠርዝ በነካ ቁጥር መሣሪያው ይጮኻል። በለንደን መንገድ ዕድሜውን የነዳው ባለቤቴ ከዚያ ክፍል በላብ ተነክሮ ወጣ፤ ሆኖም አለፈ። ቢሮው ቅጹን ሞልቶ፣ ቀጠሮውን ይዞ፣ አሮጌውን ካርድ አስረክቦ ጊዜያዊ ወረቀት አመጣለት። ያ ወረቀት የሚሠራው በስፔን ውስጥ ብቻ መሆኑን ነግረውናል፤ በዚያ መሐል ወደ እንግሊዝ ሄዶ መኪና ለመከራየት የሚያስብ ሰው ይህን ማወቅ አለበት።

የጤናው ጉዳይ ሁለት ገጽታ አለው። የብሪታንያን የመንግሥት ጡረታ የሚቀበል ሰው «ኤስ-1» የሚባል ቅጽ ከብሪታንያ ያገኛል፤ ወጪውን ብሪታንያ ትሸፍንና ሰውየው በስፔን የሕዝብ ሕክምና ይገለገላል። ባለቤቴ ቅጹን በስፔን የማኅበራዊ ዋስትና መሥሪያ ቤት አስመዝግቦ በጤና ጣቢያው ካርዱን ወሰደ፤ ቢሮው እንኳ ሳያስፈልገን ነገሩ በቀላሉ አለቀ። እኔ የመንግሥት ጡረታ ዕድሜ ላይ ስላልደረስሁ የግል የጤና መድን ይዤ ቀረሁ። ቢሮውን የምወቅሰው በዚህ መድን ጉዳይ ነው። ለቪዛው የሚቀርበው መድን ታካሚው በየጉብኝቱ ድርሻ የማይከፍልበት መሆን አለበት፤ ቢሮው መጀመሪያ ያቀረበልኝ ውል ግን ለእያንዳንዱ ሐኪም ጥቂት ዩሮ የሚያስከፍል፣ ቪዛውን የሚሰጠው የስፔን ቆንስላ የማይቀበለው ዓይነት ነበር። ውሉን አንብቤ ስጠይቅ ያለ ክርክር ቀየሩልኝ፤ ይሁን እንጂ ከመድን ድርጅቱ ኮሚሽን የሚያገኙ መሆናቸውን የነገሩኝ ከጠየቅሁ በኋላ ነው። ወረቀት እንዲያስፈጽም የተቀጠረ ሰው ዕቃ ሻጭም ሲሆን ደንበኛው ያ ሰው አስፈጻሚ ወይስ ሻጭ ሆኖ እንደሚያናግረው እያወቀ አብሮት መሥራት ይኖርበታል።

ግብሩ ላይ ከዚህ የከበደ ቅሬታ አለኝ። ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር በሚቆጠር አንድ ዓመት ውስጥ ከ183 ቀናት በላይ ስፔን የቆየ ሰው በመላው ዓለም ባለው ገቢ በስፔን ግብር ከፋይ ይሆናል። የብሪታንያ የግብር ዓመት ከኤፕሪል 6 እስከ ኤፕሪል 5 ሲሆን የስፔኑ ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው፤ ስለዚህ የብሪታንያ የጡረታ መግለጫ እንዳለ ተወስዶ በስፔን የግብር ማስታወቂያ ላይ አይጻፍም፣ በየወሩ ተከፋፍሎ እንደገና ይደመራል። በተጨማሪም ጡረታ ሁሉ አንድ አይደለም። በአንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ግብር እንዳይከፈል በሁለቱ አገሮች መካከል ባለው ስምምነት መሠረት የመንግሥት ሠራተኛነት ጡረታ፣ የባለቤቴን የከተማ አስተዳደር ጡረታ ጨምሮ፣ ግብር የሚከፈልበት በብሪታንያ ነው፤ ስፔን ላይ የሚገለጸው በሌላው ገቢ ላይ የሚጣለውን መጠን ለማስላት ብቻ ነው። ሁሉም የሚያገኘው የመንግሥት ጡረታ ግን በስፔን ግብር ይከፈልበታል፤ የነርሶች የኤንኤችኤስ (የብሪታንያ የሕዝብ ጤና አገልግሎት) ጡረታም በአብዛኛው እንደዚሁ ነው። ቢሮው ለተጨማሪ ክፍያ ያዘጋጀልን የመጀመሪያ ረቂቅ ይህን ሁሉ በአንድ መስመር ደምሮ አቅርቦታል። እንደ ረቂቁ ቢሆን ባለቤቴ በአንድ ገቢ ሁለት ጊዜ ግብር ይከፍል ነበር።

ብሪታንያ ውስጥ ከግብር ነጻ የሆነው «አይሳ» የሚባለው ቁጠባ ስፔን ሲደርስ ነጻነቱን እንደሚያጣ፣ ወለዱም ከ19 በመቶ ጀምሮ ግብር እንደሚጣልበት አልነገሩንም። ከጡረታ ፈንድ በአንድ ጊዜ የሚወጣውና በብሪታንያ ግብር የሌለበት 25 በመቶም በስፔን እንደዚያ አይታይም፤ ስለዚህ ሊያወጣ ያሰበ ሰው የስፔን ነዋሪ ከመሆኑ በፊት ጉዳዩን ቢያማክር ይሻላል። በውጭ አገር ከ50,000 ዩሮ በላይ የባንክ ገንዘብ፣ አክሲዮን ወይም ቤት ያለው ሰው እስከ ማርች 31 የሚያስገባውን «ሞዴሎ 720» የተባለ የንብረት ማሳወቂያ ቅጽ ግን አስታውሰውናል፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በጃንዋሪ 2022 ቅጣቱ ከመጠን ያለፈ ነው ብሎ ቢፈርድም ማስታወቁ ራሱ ግዴታ ሆኖ ቀርቷል። ረቂቁን በሁለቱም አገሮች ግብር ላይ ለሚሠራ አማካሪ አሳየነውና ማስታወቂያው ከጁን 30ው ቀነ ገደብ በፊት ታርሞ ገባ።

እግረ መንገዴን፦ ጡረታ ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ ወይም ወደ ስፔን ለመሄድ የሚያመነታ የእኛ ሰው ካለ፣ የብሪታንያ የመንግሥት ጡረታ ስፔን ለሚኖር ሰው በየዓመቱ ጭማሪው ይደርሰዋል፤ ኢትዮጵያ ለሚኖር ሰው ግን በጀመረበት መጠን ይቆማል። ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ይህን የሚሰሙት ትኬት ከቆረጡ በኋላ ነው።

በመስተንግዶ በኩል ቢሮው መካከለኛ ነው። ለኢሜይል የሚሰጠው መልስ ይዘገያል፤ በስልክ መልእክት ግን በዚያው ቀን ይመልሳሉ። በሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ እስከ ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ሲሆን በኦገስት ወር በግማሽ ሠራተኛ ይሠራል፤ ስለዚህ በበጋው አጋማሽ ቀነ ገደብ ያለው ሰው ጁላይ ሳይወጣ ወረቀቱን ማስረከብ አለበት። ከሠራተኞቹ ሁለቱ ጥሩ እንግሊዝኛ ይናገራሉ፤ ይህ ምቾት ቢሆንም ከከተማው እንግሊዞች ብዙዎቹ ስፓኒሽ እንዳይማሩ አንዱ ምክንያት እንደሆነ እጠረጥራለሁ፤ ባለቤቴም ከእነርሱ አንዱ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ውሃና መብራት በስማችን ማዛወርን በነጻ ሠርተውልናል፤ ይህ በውሉ ውስጥ አልነበረም፣ አመሰግናቸዋለሁ።

የመጀመሪያው ፈቃድ ለአንድ ዓመት ስለሆነና የእድሳት ማመልከቻ ጊዜው ከማለቁ ሁለት ወር በፊት ጀምሮ ስለሚገባ በቅርቡ እንደገና ወደ እነርሱ እንሄዳለን። ለእድሳቱ 150 ዩሮ ለአንድ ሰው ጠይቀዋል፣ ታክሱን ሳይጨምር፤ ተስማምተናል። የግብር ፋይላችንን ግን ከመደርደሪያቸው አውጥተን ለአማካሪው ሰጥተናል፤ መድኔንም ያለ አገናኝ በቀጥታ ከድርጅቱ ጋር ተዋውያለሁ።