የገንዘብ ዛጎልና ባለ ቀለበት ዛጎል፦ በምን ይለያሉ?

አያቴ እናቴን ያዘለችበት አንቀልባ ደሴ በሚገኘው ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ጠርዙን የከበቡት ዛጎሎች ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብለው ሲያዩአቸው ግን የሁለት ዘመዳም የባሕር ቀንድ አውጣዎች ቅርፊቶች ናቸው። ሁለቱም ከቀይ ባሕር እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ይኖራሉ።

የገንዘብ ዛጎል፣ በሳይንሳዊ ስሙ ሞኔታሪያ ሞኔታ፣ ጎኖቹ ላይ ጉብታ ጉብታ ስላለው ዙሪያው ማዕዘን ያወጣል። ቀለሙ ከነጭ እስከ ቢጫ ነው። ባለ ቀለበቱ ሞኔታሪያ አኑለስ ደግሞ ጠርዙ ለስላሳ፣ ቅርጹ እንቁላል መሳይ ነው፤ ጀርባው ላይ ብርቱካንማ ቀለበት ተሥሎበታል።

ብዙ ሰው ቀለበቱን ብቻ ይፈልጋል። እኔ ይህን አልመክርም። አንዳንድ የገንዘብ ዛጎልም ስስ ቀለበት አለው፤ ያረጀ ዛጎል ቀለሙ ይደበዝዛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ዛጎል ቆዳ ላይ እንዲሰፋ ብዙ ጊዜ ጀርባው ይነሣል፤ ቀለበቱም አብሮ ይሄዳል! የሚቀረው ጥርሳማው አፍና ዙሪያው ነው። ስለዚህ ጣትን በጠርዙ ላይ ማስኬድ ይሻላል፤ ጉብታው ከተሰማ ሞኔታ፣ ለስላሳ ከሆነ አኑለስ ነው። ገና ያልጎለመሰ ዛጎል ግን ጉብታም ቀለበትም ስለሌለው በዚህ መንገድ አይለይም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነጋዴዎች ባለ ቀለበቱን ከዛንዚባር ወደ ምዕራብ አፍሪካ በገፍ ጭነው የዛጎል ገንዘብን ዋጋ አውርደውታል። በአያቴ አንቀልባ ላይ ግን ሁለቱ ጎን ለጎን፣ በአንድ ክር ተሰፍተዋል።