የፕላስቲክ ሴክስታንቴ ከስምንት ወር በኋላ

ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ ከዋለ ሰባት የባሕር ማይል ይስታል። ስምንት ወር ስለያዝኩት የፕላስቲክ ሴክስታንት (ፀሐይ ከአድማስ ያላትን ከፍታ ለክቶ ባሕር ላይ ያሉበትን ቦታ ለማወቅ የሚረዳ መሣሪያ) ከሁሉ በፊት መናገር የምፈልገው ይህንን ነው።

የገዛሁት ጂፒኤስ ስላሳሰበኝ ነው። ሳተላይቶቹ ያሉት 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ምልክታቸው ጀልባዋ ጋ ሲደርስ በጣም ስለሚደክም በቀላሉ ይታፈናል። ሲብስ ደግሞ ይጭበረበራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጥቁር ባሕር ላይ የነበሩ መርከቦችን ጂፒኤሳቸው «አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ናችሁ» ብሏቸዋል። ፀሐይን ግን ማንም አያፍናትም።

ጉዱን ያየሁት አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። የፀሐይዋን የታች ጠርዝ በሴክስታንቱ መስታወቶች አውርጄ አድማሱን አስነካኋት። መውጣቷን እስክታቆም ጠበቅኩ፣ አነበብኩ፣ ኬክሮሱን አሰላሁ። ከዚያ በሩቅ የሚታየውን የባሕር ጠረፍ አቅጣጫና ርቀት በራዳር ወስጄ ካርታው ላይ አስቀመጥኩ። የሰባት ማይል ልዩነት! ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ልክ ነው። በመጨረሻ መሣሪያውን ዜሮ ላይ አድርጌ አድማሱን አየሁበት። አንድ ቀጥ ያለ መስመር መሆን ሲገባው መሐል ላይ ተሰብሮ እንደ ደረጃ ሆኗል። ጠዋት ሳየው ደህና ነበር። ለካ ፕላስቲኩ ሲሞቅ መስታወቶቹን ይዞ ይንቀሳቀሳል። አንድ የማዕዘን ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስድሳኛ) ስህተት አንድ የባሕር ማይል ነው።

ሻጩ «ቀላል ነው፣ አይዝግም፣ ለጀማሪ ይበቃል» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ስለ ዝገት ማን ጠየቀህ? ፀሐይ የሚለካ ዕቃ ፀሐይ ላይ እንደሚውል አጥተኸው ነው? «ሲሞቅ ይስታል» የምትል አንዲት ቃል ምን ነበረባት?

አሁን መላ አበጅቼለታለሁ። ሳጥኑ ጥላ ውስጥ ይቀመጣል። ከመለካቴ በፊትም በኋላም አድማሱን አይቼ ስህተቱን እመዘግባለሁ፣ ከንባቡ ላይ አስተካክላለሁ። እንዲህ ሲያዝ ከሁለት ሦስት ማይል በላይ አይስትም፤ መሬት በማይታይበት ባሕር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሰዓቴንም እጠብቃለሁ፤ አራት ሰከንድ ከተሳሳተ ኬንትሮሱ በአንድ የማዕዘን ደቂቃ ይዛነፋል። የፀሐይ ማጣሪያዎቹና እጀታው ምንም አይወጣላቸውም።

ቢሆንም ገንዘቤ ቢመለስልኝ የብረቱን ነበር የምገዛው። ማዕበል እያንገላታኝ፣ ያውም ጂፒኤሱ በጠፋበት ሰዓት፣ አንዱን ልኬት ሁለት ጊዜ መፈተሽ ያደክማል። ለብረቱ ማጠራቀም ጀምሬአለሁ። እስከዚያ ይሄኛው ከጥላ አይወጣም።