ለተግባር ምዘና ላበቃችን የኮምፒውተር መምህርት የቀረበ ምስጋና

በመሠረታዊ የኮምፒውተር ክህሎት፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለውን የሙያ ብቃት ምዘና ጨርሼ «ብቁ» የሚለውን ውጤት ስቀበል መጀመሪያ የታወሰችኝ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ በአንዲት ጠባብ ክፍል የምታስተምረን መምህርት ናት። ስሟ በአደባባይ እንዲነሳ ባትፈልግም፣ ለምዘና እየተዘጋጃችሁ ላላችሁ ሁሉ ሥራዋን መመስከር ይገባኛል ብዬ ይህን ጽፌአለሁ።

እኔ ለ19 ዓመታት በመዝገብ ቤት ያገለገልኩ፣ ፋይልን በመደርደሪያና በወረቀት የማውቅ ሠራተኛ ነኝ። ከዚህ በፊት በሌላ ማሠልጠኛ ተመዝግቤ ነበር፤ እዚያ ግን አምስት ሰው አንድ ኮምፒውተር ከብበን ከሞጁሉ ላይ ትርጉም ስንሸመድድ ከረምን። በዚያ ዝግጅት ገብቼ የጽሑፍ ፈተናውን ያለፍኩ ቢሆንም፣ በተግባሩ ላይ የጻፍኩትን ደብዳቤ የትኛው ፎልደር ውስጥ እንዳስቀመጥኩት ማግኘት ስላቃተኝ «ገና ብቁ አይደለችም» ተብዬ ተመለስኩ። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል አዝኜ አላውቅም።

ይህች መምህርት በመጀመሪያው ቀን «እትዬ፣ ማውሱን እኔ አልነካውም፤ ስሕተቱም እርማቱም በእርስዎ እጅ ይሁን» አለችኝ፤ እስከ መጨረሻውም አልነካችውም። አንድ ቀን በኤክሴል የዕቃ ዋጋ ዝርዝር ሰጥታን 15 በመቶውን የተጨማሪ እሴት ታክስ እንድናሰላ አዘዘችን። የታክሱን መጠን ኤፍ 1 በሚባለው ሕዋስ (የሠንጠረዡ አንድ ሳጥን) ላይ ጽፌ የመጀመሪያውን ዕቃ በትክክል ካሰላሁ በኋላ ቀመሩን ወደ ታች ስጎትተው የቀሩት ሁሉ ዜሮ ሆኑ። መልሱን ከመንገር ይልቅ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለውን ቀመር ጮክ ብዬ እንዳነበው አደረገችኝ፤ ሳነበው ኤፍ 1 የነበረው ወደ ባዶው ኤፍ 2 መውረዱን በዓይኔ አየሁ። በቀመሩ ውስጥ ከኤፍ 1 ጋር የሚጻፈው የዶላር ምልክት ሕዋሱን ባለበት እንደሚያጸናው ያስረዳችኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ያልረሳሁት።

የአማርኛ ጽሑፍንም ከሥር ጀምራ አስተምራናለች። በፍላሽ ይዘነው የሄድነው ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት የሚሆነው ብዙ ጊዜ በቀድሞዎቹ የዩኒኮድ (ፊደላት በሁሉም ኮምፒውተር በአንድ ዓይነት ኮድ የሚቀመጡበት ሥርዓት) ባልሆኑ ፎንቶች ስለተጻፈ መሆኑን አሳይታን፣ ኒያላ በተባለው የዩኒኮድ ፎንት መጻፍንና ለኅትመት የሚሄደውን በፒዲኤፍ ማስቀመጥን አስለመደችን። በልምምዱ መካከል መብራት ሲጠፋም ሥራውን ያላስቀመጠ ሁሉ ከመጀመሪያው እንዲጀምር ታደርግ ስለነበር፣ አሁን ከየአንቀጹ በኋላ ሥራዬን ለማስቀመጥ ኮንትሮልና ኤስን መጫን ልማዴ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ግን በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት እንደ መዛኝ ከኋላችን ቆማ፣ ሰዓት ይዛ፣ «ይህን ለምን በዚህ መንገድ ሠሩት?» እያለች መጠየቋ ነው። እጃችን እየሠራ አፋችን ማስረዳትን ለመደ። በእውነተኛው ምዘና ላይ መዛኙ አጠገቤ ሲቆም እጄ ያልተንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት እንደሆነ አልጠራጠርም። በድጋሚ ለተመዘነችው ጓደኛችን ደግሞ ያላለፈችበትን ክፍል ብቻ ለይታ፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ አዘጋጅታታለች።

እህቴ፣ ለድካምሽና ለትዕግሥትሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በተለይ በዕድሜ ገፋ ብላችሁ ኮምፒውተር ለምትጀምሩ የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከልቤ እጠቁማታለሁ። የምታስተምረው ከሥራ ሰዓት በኋላ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ኮምፒውተር ስለምትመድብ በአንድ ጊዜ ከስድስት ሰው በላይ አትቀበልም፤ ስለዚህ ምዘናችሁ ቢያንስ አንድ ወር ሲቀረው ብትሄዱ መልካም ነው። አድራሻዋን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።