ስቶርሚ ዌዘር፣ ካቢን ኢን ዘ ስካይ ወይስ ፍላወር ድራም ሶንግ? ከመግዛታችሁ በፊት

የድሮ የሆሊውድ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ከልቤ እወዳለሁ። ለዛም ነው አንዳንዱ አንጀቴን የሚያሳርረው። ዘፈኑም ጨዋታውም ደርቶ እያለ ድንገት ነጭ ተዋናይ ጥቁር ሰው ለመምሰል ፊቱን ጥቁር ተቀብቶ ብቅ ይላል። የ1942ቱ ሆሊዴይ ኢን ላይ ቢንግ ክሮዝቢ ስለ አብርሃም ሊንከን የሚዘፍነው እንደዛ ሆኖ ነው። የገና ፊልም ነው ብላችሁ ከልጆች ጋር ልታዩት ካሰባችሁ አስቀድማችሁ እወቁት።

ጥቁሮችና እስያውያን ራሳቸው ከፊት የሚቆሙበትን ለሚፈልግ ሰው 3 ፊልሞችን ላወዳድር።

ስቶርሚ ዌዘርና ካቢን ኢን ዘ ስካይ ሁለቱም የ1943 ናቸው፣ ሁለቱም ላይ ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝና ተዋናይ ሊና ሆርን አለች። ካቢንን የሠራው ስቱዲዮ ኤም ጂ ኤም በሌሎች ፊልሞቹ ሊናን ለብቻዋ አቁሞ ያዘፍናት ነበር፤ የደቡብ አሜሪካ ግዛቶች ማለትም የዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ሲኒማ ቤቶች ጥቁር አናሳይም ካሉ እሷ ያለችበትን ቆርጠው ቢያወጡት ታሪኩ እንዳይጎድል። እዚህ ግን ማንን ይቆርጣሉ? ዋናዎቹ ተዋናዮች በሙሉ ጥቁሮች ናቸው።

ስቶርሚ ዌዘር ታሪኩ ስስ ነው። ዋናው ተዋናይ፣ ዳንሰኛው ቢል ሮቢንሰን ያኔ 60 አልፎታል፣ ሊና ገና በ20ዎቹ ነች፣ ፍቅራቸው አልዋጥልህ አለኝ። ሁለት ጥቁር ኮሜዲያን ራሳቸው ፊታቸውን አጥቁረው የሚቀልዱበት ክፍልም አለ፣ ማየት ይከብዳል። ግን መጨረሻው አካባቢ ሁለቱ ዳንሰኞች፣ የኒኮላስ ወንድማማቾች፣ ይመጣሉ። በካብ ካሎዌይ ባንድ ሙዚቀኞች መሀል እየዘለሉ ያልፋሉ፣ ፒያኖ ላይ ይወጣሉ፣ ከዛ ትልቁ ደረጃ ላይ አንዱ በሌላው አናት ላይ ዘሎ እግሩን ወደፊትና ወደኋላ ዘርግቶ ያርፋል፣ ሌላው ደግሞ በእሱ አናት ላይ፣ እንዲህ እየተፈራረቁ እስከ ታች ድረስ። እጃቸውን መሬት ሳያስነኩ ይነሳሉ! እኔ ስንቴ መልሼ እንዳየሁት አልቆጠርኩትም። ፊልሙ ደግሞ 78 ደቂቃ ብቻ ነው።

ካቢን ኢን ዘ ስካይ በታሪክ ይበልጠዋል። ቁማርተኛ ባሏን በጸሎት የምታድን ሚስት ነች፣ ኢቴል ዋተርስ። ስትዘፍን ፊቷን ብቻ ብታዩ ይበቃችኋል። ቪንሰንት ሚኔሊ በዳይሬክተርነት የሠራው የመጀመሪያ ፊልሙ ነው። ቅር የሚለኝ ጥቁሩን ሰው ወይ የዋህ አማኝ ወይ ቁማርተኛ አድርጎ መሳሉ ነው፤ ከዛ ውጭ ሌላ ኑሮ ያለው አይመስልም።

ፍላወር ድራም ሶንግ የ1961 ነው፣ በቀለም፣ ከ2 ሰዓት በላይ። የሳን ፍራንሲስኮ ቻይናታውን ቤተሰብ ነው፤ አባት በድሮው ወግ ሊድር ይፈልጋል፣ ልጆቹ አሜሪካዊ ሆነዋል። ይሄ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። ናንሲ ኩዋንና ጄምስ ሺጌታ ያምራሉ። ችግሩ ቻይናዊ የተባሉት ብዙዎቹ የጃፓን ዘር ናቸው፣ አክስቲቱን የምትጫወተው ኋኒታ ሆል ደግሞ ጥቁር አሜሪካዊት ነች። ለሆሊውድ ያኔ ሁሉም አንድ ነበር።

አንድ ብቻ የምትገዙ ከሆነ ስቶርሚ ዌዘርን ግዙ። ዳንስ የማይስባችሁና ታሪክ የምትወዱ ካቢንን። ወላጅና ልጅ አብሮ ለሚያይበት ቤት ሦስተኛው ይሻላል። የትኛውንም ስትገዙ ግን ሰብታይትል እንዳለው እዩ፤ የድሮ ድምፅ ነው፣ የዘፈኑ ግጥምም ይፈጥናል።